አምበሩን ጣሳ ተዉት፦ ለእንጨት ጊታር የሚሆን ባለቀለም ሼላክ ግምገማ

አሜሪካ ውስጥ የግንባታ ዕቃ መደብር ገብቶ ሼላክ ለሚጠይቅ ሰው ቶሎ የሚቀርብለት የዚንሰር ኩባንያ «ቡልስ አይ አምበር» ጣሳ ነው። ሟሙቶ፣ ቀለሙን ይዞ፣ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው፤ ከፍቶ መቀባት ብቻ የቀረ ይመስላል። ለበር መቃን ወይም ለወንበር እግር እሰየው። ለጊታር ግን እዚህ ከምናያቸው አራት አማራጮች መጨረሻ ላይ የምናስቀምጠው እሱን ነው። ጥፋቱ ቀለሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ በታለፈ፤ ትልቁ ችግር ውስጡ ያለው ሰም ነው።

ሼላክ በተለይ ህንድና ታይላንድ ውስጥ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩ ላክ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያወጡት ሙጫ ነው። ከረሜላና ክኒን የሚያብረቀርቀው ኢ904 የተባለው ነገርም ይኸው ነው። ሙጫው በተፈጥሮው ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚሆን ሰም አለው። አምበሩ ጣሳ ይህን ሰም እንደያዘ ነው የሚሸጠው። ጣሳው ሳይነካ ሲከርም ሰሙ ታች ይዘቅጣል፣ ሲበጠበጥ ይደፈርሳል። ጥቁር ማሆጋኒ እንጨት ላይ ብዙ እጅ ሲደራረብ መስታወት ላይ እንደተነፈሱበት ዓይነት ጭጋግ ይተዋል። በላዩ ላይ ላከር ወይም ፖሊዩሬቴን የመሰለ ሌላ መቀቢያ ሊቀባ ላሰበ ደግሞ ከነጭራሹ አይሆንም፤ ሰሙ የላይኛውን ሽፋን በደንብ አያስይዝም።

ሁለተኛው ችግር ውፍረቱ ነው። የሼላክ ውፍረት የሚነገረው በ«ከት» ነው፦ አንድ ፓውንድ ሼላክ በአንድ ጋሎን አልኮል ሲሟሟ 1 ፓውንድ ከት ይባላል። በእኛ ልኬት በአንድ ሊትር አልኮል 120 ግራም ግድም ማለት ነው። አምበሩ 3 ፓውንድ ከት ነው። ያ ውፍረት ጊታር ላይ በጨርቅ ሲጎተት ይይዛል፣ የጨርቁን መንገድ ቆጥሮ ያስቀምጣል። ቀለሙ ደግሞ የጊታር ፊት በሚሠራበት ነጭ እንጨት፣ ስፕሩስ ላይ ሲያርፍ ወደ ብርቱካን ያደላል፤ «ያረጀ ጊታር» ለማስመሰል የገዛው ሰው የሚያገኘው የካሮት ጭማቂ ነው። ጣሳው ቤታችሁ ካለና መጣሉ ካሳዘናችሁ ማዳኛ አለው። አንድ እጅ አምበር በሁለት እጅ አልኮል አቅጥናችሁ በብርጭቆ ጠርሙስ አስቀምጡት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሳትነኩት ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራውን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ቀስ ብላችሁ ቅዱ። የታችኛውን ነጭ ዝቃጭ ለቁም ሳጥን ውስጠኛ ክፍል ተዉት።

ቀሪዎቹ ሦስት አማራጮች የሚነሱት ሰሙ ከወጣለት ሼላክ ነው።

የመጀመሪያው ጋርኔት የሚባለው ጥቁር ቀይ ፍሌክ፣ ማለትም በአልኮል የሚሟሟ ደረቅ የሼላክ ቅርፊት ነው። ሰሙ የወጣለትም ያልወጣለትም ይሸጣል፤ ማሸጊያው ላይ ለይታችሁ እዩ። አንዷን ቅርፊት ለመስኮት ብርሃን ስትይዟት ጠንክሮ የተቀዳ ሻይ ትመስላለች። ጥቅሙ ቀለሙ ከሙጫው ጋር አንድ አካል መሆኑ ነው። ተጨማሪ ማቅለሚያ ስለሌለ ጨርቁ ቀለሙን እየለየ አይጎትተውም፣ ጥፋትም እምብዛም አይታይበትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ማሆጋኒ ወይም ሮዝውድ ጀርባ ላይ ከእሱ የሚሻል የለም። ጉዳቱም ከዚያው ከጥቅሙ ነው የሚመጣው፦ ቀለሙን ለማጥቆር ሽፋኑን ማወፈር ግድ ይላል። ለጀርባ ችግር የለውም። ለጊታሩ ፊት ግን ሼላክ የተመረጠው መጀመሪያውኑ ስስ ሆኖ እንጨቱን ስለማይጫን ነው። እነ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ የሠሯቸው ጊታሮች በሼላክ የተቀቡ ናቸው፤ ክላሲካል ጊታር ሠሪዎች ዛሬም ያልተዉት ለዚሁ ነው። ቀለም ፍለጋ ፊቱ ላይ ጋርኔት በላይ በላዩ መደራረብ ያንን ጥቅም በገዛ እጅ መጣል ነው።

ሁለተኛው ጥርት ካለ ሼላክ ጋር በአልኮል የሚሟሟ አኒሊን የተባለ የማቅለሚያ ዱቄት መቀላቀል ነው። ዱቄቱ ርካሽ ነው፣ ለመንገድም ይመቻል፣ ትንሿ ዕቃ ለብዙ ጊታር ትበቃለች። ነገር ግን ከማቅለሚያዎች ሁሉ ብርሃንን የመቋቋም አቅሙ ደካማ የሆነው ይህ በአልኮል የሚሟሟው ዓይነት ነው፤ በተለይ ቀዩ መስኮት አጠገብ ከተሰቀለ ጊታር ላይ እየነጣ ይሄዳል። ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ገጹ ላይ አረንጓዴ ነሐስ የመሰለ ነጸብራቅ ያወጣል። ያልሟሟች አንዲት የዱቄት ቅንጣት ጨርቁ ውስጥ ከገባች ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ መስመር ታሰምራለች። ስለዚህ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሳይጣራ እንጨት እንዳይነካ።

ሦስተኛው፣ እኛም የምንመርጠው፣ ጥርት ያለ ሰም አልባ ሼላክ ከትራንስቲንት ጋር ነው። ትራንስቲንት በትንሽ ጠርሙስ፣ 2 አውንስ ወይም 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ሆኖ የሚሸጥ ብረት-አዘል ፈሳሽ ማቅለሚያ ነው። በውሃም በአልኮልም ይሟሟል፣ ከአኒሊኑ ዱቄት ይልቅ ብርሃን ይቋቋማል፣ ፈሳሽ በመሆኑም ያልሟሟ ቅንጣት አያስቸግርም። ለመሠረትነት ሲልኮት የተባለው የዚንሰር ጣሳ ይሆናል፤ እሱ ሰም የሌለው 2 ፓውንድ ከት ነው። «ጥርት ያለ» ቢባልም ቀለል ያለ የማር ወዝ አለው፤ ስፕሩስ ፍጹም ነጭ ሆኖ እንዲቀር ለሚፈልግ ሱፐር ብሎንድ ወይም ፕላቲና የሚባለው ፍሌክ ይሻላል። ከጣሳና ከፍሌክ የቱ ቢባል፦ ጣሳው ሥራ ይቀንሳል፣ ፍሌኩ ዕድሜ ይጨምራል። ሲልኮት አሜሪካ ውስጥ በኳርት ማለትም በ946 ሚሊ ሊትር ጣሳ ይሸጣል፤ አንድ ጊታር ግማሹንም አይጨርስም።

ወደ አገር ቤት ለሚያስቡ ደግሞ ምርጫው ከወዲሁ ያለቀ ነው። በአልኮል የሟሟ ሼላክ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ በአውሮፕላን ሻንጣ አይገባም፤ ፍሌክ ግን ደረቅ ነው፣ ከልብስ መካከል ገብቶ ይሄዳል። ለአንድ ጊታር ከነትርፉ 100 ግራም ይበቃል። ከሙቀትና ከፀሐይ አርቁት፤ ለዓመታት ሙቀት ውስጥ የከረመ ፍሌክ ተጣብቆ ድንጋይ ይሆናል፣ ያን ጊዜ አልኮሉ ቢያድርበትም በደንብ አይሟሟም።

አልኮሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከኮቪድ ወዲህ በየቤቱ የተቀመጠው ባለ 70 በመቶ አልኮል አይሆንም፤ ሲሶው ውሃ ነው። ዳግም አረቄማ የባሰ ነው። ሼላክ ውስጥ ውሃ ሲገባ ሽፋኑ ሲደርቅ ነጭ ደመና ያወጣል። ዝቅተኛው 95 በመቶ ኢታኖል ነው፤ አውሮፓ ያላችሁ ለቤት ውስጥ ምድጃ የሚሸጠውን ባዮኢታኖል፣ መቶኛውን አንብባችሁ፣ መጠቀም ትችላላችሁ። አሜሪካ ውስጥ «ዲናቸርድ» ተብሎ በጣሳ የሚሸጠው አንዳንዱ ብዙ ሜታኖል አለው። ሜታኖል በቆዳም በትንፋሽም የሚገባ መርዝ ነው፤ ስለዚህ የናይትራይል ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ከሰል በተያያዘበት፣ ቡና በሚፈላበት ወይም ጋዝ በሚነድበት ክፍል ውስጥ ይህን ሥራ አትጀምሩ። የአልኮል ትነት ነበልባል ፍለጋ ብዙ አይቸገርም።

ፍሌኩን ማሟሟት ቀላል ነው። 60 ግራም በትንሽ ሚዛን መዝኑ፣ በደረቅ ሙቀጫ ውቀጡት፣ በ250 ሚሊ ሊትር አልኮል ውስጥ ጨምሩት። ይህ 2 ፓውንድ ከት ነው። ዕቃው ብርጭቆ ይሁን፤ ያልተለበጠ ብረት ሼላኩን ያጠቁረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በየጊዜው ካልነቀነቃችሁት ታች ጋግሮ እንደ ማስቲካ ይለጥፋል። ለማፍጠን ጠርሙሱን ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆም ይቻላል፤ ምድጃ ላይ መጣድ ግን በፍጹም። በማግስቱ በቡና ማጣሪያ አጣሩና ቀኑን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። የሟሟ ሼላክ ከአልኮሉ ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሃደ የመድረቅ አቅሙን ያጣል፤ ቤት የተሟሟው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው ዕድሜው። ለማንኛውም አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ጣሳም ሆነ ፍሌክ፣ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርቃችሁ በማግስቱ በጥፍር ጫኑት። ጥፍሩ ምልክት ካልተወ ደህና ነው፤ ከሰመጠ ወይም ከተለጠጠ ድፉት። ጊታር ላይ ተቀብቶ የማይደርቅ ሼላክን በአልኮል አጥቦ ከማንሳት ሌላ መፍትሔ የለውም።

አሁን ቀለሙ። ባለ 2 ፓውንዱን በእኩል አልኮል አቅጥናችሁ 1 ፓውንድ አድርጉትና ለ100 ሚሊ ሊትር እንደ እንጨቱ ከ6 እስከ 15 ጠብታ ትራንስቲንት ጨምሩ። የአምራቹ መመሪያ ለኳርት አንድ አውንስ ይላል፤ እሱ ግን እንጨቱን ራሱን በቀጥታ ለማቅለም የሚሆን ጥንካሬ ነው። ለሼላክ ያ መጠን አራት እጥፍ ግድም ይበዛል፣ ማቅለሚያው የሟሟበት ፈሳሽም ቶሎ የማይተን ስለሆነ ሲበዛ ሽፋኑን ያለሰልሰዋል። በ100 ሚሊ ሊትር ከ2 ሚሊ ሊትር አትለፉ። ለስፕሩስ ፊት ሃኒ አምበር የሚባለው የትራንስቲንት ቀለም 6 ጠብታ ያህል ብቻውን ያረጀ ወርቃማ መልክ ይሰጣል። ለማሆጋኒ ሬዲሽ ብራውን 12 ጠብታ ጥሩ መነሻ ነው። ብርቱካንነቱ ከበዛባችሁ የጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ሰማያዊ ማቅለሚያ ውስጥ ነክራችሁ አንዴ አማስሉበት፤ ሰማያዊ ብርቱካኑን ይገድለዋል። ከዚያ በላይ ከጨመራችሁ አረንጓዴ ይወጣል።

መጠኑን ለማየት ጠርሙሱን አትመኑት፤ ጠርሙስ ውስጥ ሁሉም ቡና ይመስላል። ነጭ ሲኒ ውስጥ ትንሽ ጨምሩና አዘንብላችሁ መልሱት። በሲኒው ግድግዳ ላይ ተንሸራቶ የሚቀረው ስስ ሽፋን የአንድ እጅ ቀለም ማለት ነው። ያ ሽፋን በጭንቅ የሚታይ መሆን አለበት። በደንብ ከታየ በዝቷል። ከዚያ ከዚያው እንጨት በተቆረጠ ትራፊ ላይ፣ ጊታሩ ላይ ልታደርጉ እንዳሰባችሁት በስድስትና በስምንት እጅ ሞክሩት።

ለምን ስምንት ስስ እጅ እንጂ ሁለት ወፍራም አይሆንም ለሚል፦ ሼላክ እንደ ፖሊዩሬቴን ደርቆ የሚዘጋ አይደለም። አዲሱ እጅ የበፊቱን መልሶ ያሟሟዋል። ማቅለሚያውም አብሮ ይነቃል፤ ጨርቁ የቆመበት፣ የተመለሰበት፣ የተደራረበበት ቦታ ሁሉ ጠቁሮ ይቀራል። እያንዳንዱ እጅ ከጠቅላላው ቀለም ስምንተኛውን ብቻ ከያዘ ስህተቱም የዚያኑ ያህል ነው፤ ዓይን አያገኘውም። ሁለት እጅ ላይ ስህተቱ ግማሹ ቀለም ነው።

ቀለሙ መቀመጥ ያለበት መካከል ላይ ነው፦ ከሥር ጥርት ያለ፣ መካከል ባለቀለም፣ ከላይ እንደገና ጥርት ያለ። የታችኛው ለምን እንዳስፈለገ ስፕሩስ ራሱ ያስተምራል። የስፕሩስ ነጩ መስመር ለስላሳ ነው፣ ቡናማው ጠንካራ። ቀለሙን ባዶ እንጨት ላይ ብታሳርፉት ለስላሳው ይጠጣዋል፣ ጠንካራው ይተፋዋል፤ ነጩ ጠቁሮ ቡናማው ነጥቶ የፎቶ ኔጋቲቭ የመሰለ ፊት ይወጣል። እዚህም እዚያም ጠቃጠቆ ይጨምርበታል። ይህ አንዴ ከሆነ በአልኮል አይለቅም፣ ወደ ቃጫው ገብቷል።

ስለዚህ ስፕሩሱን እስከ ቁጥር 320፣ ማሆጋኒውንና ሜፕሉን እስከ ቁጥር 220 በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። አቧራውን አራግፋችሁ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ አንዴ ጥረጉትና በገደምዳሜ ብርሃን እዩት። ኮላ የነካው ቦታ ሳይጠቁር ይቀራል፤ በተለይ በጠርዙ ዙሪያና በአንገቱ ሥር። አሁኑኑ በምላጭ ፋቁት፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚታየው ነጭ ነጥብ ይኸው ነው። የጣት ሰሌዳውን ሸፍኑ። ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት፣ የሚለጠፍበትን ቦታም ከብሪጁ ትንሽ በጠበበ ቴፕ ሸፍኑት፣ ኮላ ሼላክ ላይ አይታመንም። ከዚያ ጥርት ያለውን 1 ፓውንድ ከት በ30 ደቂቃ ልዩነት ሦስት እጅ ቀቡና አሳድሩት። የማሆጋኒው ጥቃቅን ቀዳዳ ቀለም ከመጀመሩ በፊት ይሙላ፤ 4ኤፍ የሚባለው የፑሚስ ድንጋይ ዱቄት ከሼላክና ከእንጨቱ አቧራ ጋር እየተፈተገ ይሞላዋል። ስፕሩስና ሜፕል ይህ አያስፈልጋቸውም።

መቀቢያው ጨርቅ ራሱ ሙያ አለው። ልቡ የእንቁላል መጠን ያለው ባዘቶ ወይም የሱፍ ካልሲ ቁራጭ፣ ልብሱ ብዙ የታጠበ የአንሶላ ጨርቅ። ነጠላ አይሆንም፤ ሽመናው ሳሳ ስላለ ቃጫ ይተዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ባለቀለም ሼላክ ልቡ ላይ አጠጡና ከልብሱ ጋር ጠቅልላችሁ ወረቀት ላይ ጫኑት። የረጠበ ምልክት ትቶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ልክ ነው። ኩሬ ከሠራ ጨምቁት።

አቀባቡ በእንጨቱ መስመር ቀጥ ብሎ ነው። ጨርቁ ከጠርዙ ውጪ፣ ከአየር ላይ እየተንቀሳቀሰ መጥቶ ያርፋል፣ ሳይቆም ያልፋል፣ በሌላኛው ጠርዝ ወደ አየር ይወጣል። ቀጣዩ መስመር አጠገቡ፣ ለጥቂት ነክቶት። መመለስ የለም። ያመለጠ ቦታ ብታዩ እንኳ ለቀጣዩ እጅ ተዉት፤ ግማሽ የደረቀ ባለቀለም ሼላክን መልሶ መንካት ጥፋት ሁሉ የሚጀምርበት ነው። ሼላክን በጨርቅ እያሹ በመቀባት ስልት፣ በፍሬንች ፖሊሽ፣ የሚታወቀው ክብና የስምንት ቁጥር አዙሪት፣ ጨርቁን የሚያንሸራትተው የወይራ ዘይትም፣ ለላይኛው ጥርት ያለ ሽፋን ይቆዩ። በቀለሙ ደረጃ ላይ አዙሪት ቀለሙን ይጎትታል፣ ዘይት ደግሞ ከሥር ያለውን ስህተት ይደብቅባችኋል። ጎኑን ከኋላ ጫፍ እስከ አንገቱ ሥር በአንድ ትንፋሽ ጎትቱት። ወገቡ ጋ ክንድ ፍጥነት መቀነሱ አይቀርም፤ ጠቁሮ የሚገኘውም ሁልጊዜ ወገቡ ነው፣ ስለዚህ እዚያ ጋ ሆን ብላችሁ ፍጠኑ። ቀጣዩን እጅ ከተቃራኒው ጠርዝ ጀምሩ፣ መጋጠሚያዎቹ አንድ ቦታ እንዳይደራረቡ። በእጅና በእጅ መካከል 30 ደቂቃ፣ ከየሦስቱ እጅ በኋላ ሦስት ሰዓት።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ማስተካከል አለበት። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ያውም በበጋ ደረቅ አየር፣ አልኮሉ ከታች አገር ቶሎ ይተናል፤ ጨርቁ መንገዱ ሳያልቅ ይጎትታል። ሼላኩን ወደ ሦስት አራተኛ ፓውንድ አቅጥኑ፣ ይኸውም 100 ሚሊ ሊትሩ ላይ 30 ሚሊ ሊትር ግድም አልኮል ጨምሩ፣ ጠብታውንም ከዚያው ጋር አመጣጥኑ። ፀሐይ ከሚገባበት ክፍል ውጡ። በክረምት ግን ተቃራኒው ነው፦ እየዘነበ ከቀባችሁ የአየሩ እርጥበት ራሱ ነጩን ደመና ያመጣል። ደመናው ስስ ከሆነና አየሩ ከደረቀ፣ በአልኮል እምብዛም ያልረጠበ ጨርቅ አንዴ ሲያልፍበት ይጠፋል። ባለቀለሙ ገጽ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ ጥርት ያለው ሽፋን ላይ ብቻ።

ሰንበርስት፣ ማለትም መካከሉ ወርቃማ ሆኖ ጠርዙ የሚጠቁረው፣ በጨርቅ አይወጣም ብንል ይቀላል። የሚያወጡት አሉ፤ ጊታር ከመቅባታቸው በፊት ስንት ትራፊ እንጨት እንዳበላሹ ግን አይነግሯችሁም። ለእሱ መርጫ ይሻላል፦ የ0.8 ወይም የ1 ሚሊ ሜትር አፍንጫ፣ 1.4 ባር ግድም ግፊት፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ 1 ፓውንድ ከት። መጀመሪያ ወርቃማው ሙሉ ገጹን፣ ቀጥሎ ቡናማው ከጠርዙ ወደ ውስጥ፣ መጨረሻ ጥቁር ቡናማው ጠርዙን ብቻ። የመርጫው አፍንጫ ግን ምንጊዜም ከመካከል ወደ ውጪ ይዙር፣ ትርፉ ብናኝ ወርቃማው ላይ እንዳያርፍ። ርቀቱ ሲበዛ ሼላኩ አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ያርፋል፤ ሲያንስ ይወርዳል። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በ1920ዎቹ ሼላክና ቫርኒሽን ትተው ወደ ናይትሮሴሉሎስ ላከር የሄዱት ይህን ዓይነቱን ሥራ በመርጨትና ቶሎ በመድረቅ ስለሚያቀለው ነበር።

ነጩን የጠርዝ ባይንዲንግ፣ ማለትም የጊታሩን ጠርዝ የሚከበውን ቀጭን ጥብጣብ፣ በቴፕ መሸፈን ጥሩ ቢመስልም ሼላክ ከቴፕ ሥር ይሰርጋል። ተቀብቶ መፋቅ ይሻላል። አዲስ ምላጭ ውሰዱና ስለቱን በሁለት በኩል በቴፕ ጠቅልሉት፣ መካከሉ ላይ የባይንዲንጉ ስፋት ያህል ብቻ ገላጣ ይቅር። ቴፑ ቀለሙ ላይ ይንሸራተታል፣ ገላጣው ስለት ባይንዲንጉን ብቻ ይፍቃል። ቀለሙ በደረቀ በማግስቱ፣ ጥርት ያለው ከላይ ሳይቀባ የሚሠራ ነው። ቢዘገይ ሁለቱን ሽፋን አብሮ ይሸረክታል።

ቀለሙ አልቆ ካደረ በኋላ ጥርት ያለው ከ8 እስከ 10 እጅ ይቀባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጣም ስስና ፈጣን ይሁኑ፣ ቀለሙን እንዳያነቁት። የሚችል ሰው እነዚያን ሁለቱን ቢረጫቸው የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላ አዙሪቱም ዘይቱም ይፈቀዳል፤ ዘይቱ በጣት ጫፍ የነካ ያህል ብቻ። ከዚህ በፊት ባለቀለሙን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አትንኩ፦ አንድ ቦታ ሲበላ ነጭ ክፍተት ይታያል፣ ያንን ነጥሎ መሙላት ከአዲስ ጊታር መቀባት ይከብዳል። ማስተካከል የሚጀምረው ከጥርት ያለው በኋላ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ በ800 ወይም በ1000 ወረቀት ነው። ማርጠቢያው ውሃ አይሁን፣ ትኩስ ሼላክን ያነጣል፤ ዋይት ስፕሪት የሚባለው የቀለም ማቅጠኛ ይሁን። በእንግሊዝኛ ቪዲዮዎች ላይ «ናፍታ» ሲባል ብትሰሙ እኛ ማደያ የምንቀዳው ናፍታ አይምሰላችሁ፤ እነሱ የሚሉት የሲጋራ መለኮሻ ቤንዚን የመሰለውን ስስ ፈሳሽ ነው። የማደያው ናፍታ ቅባቱ አይለቅም፣ ከዚያ በኋላ ሼላክ አይዝበትም።

ዓሣ ዓይን የመሰለ ክብ ባዶ ቦታ ከወጣ ምክንያቱ ሲሊኮን ነው፤ አሮጌ ጊታር በቤት ዕቃ ማብረቂያ ተወልውሎ ከነበረ ይጠብቃችኋል። በዋይት ስፕሪት ደጋግሞ ማጠብና እንደገና ከጥርት ያለው መጀመር ነው። ገጹ እንደ አዞ ቆዳ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ ሳይደርቅ ተደራርቧል። ሁሉም ካልሆነ ሼላክ ይቅር ባይ ነው፦ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይነሳል፣ ከሥር ጥርት ያለው ስላለም ቀለሙ እንጨቱ ጋ ሳይደርስ ይወጣል።

ከአራቱ ስንመርጥ፦ ስፕሩስ ፊት ላለው ጊታር ሱፐር ብሎንድ ፍሌክ ከትራንስቲንት ጋር፣ አሜሪካ ሆኖ ማሟሟት ለሰለቸው ሲልኮት ከትራንስቲንት ጋር፣ ሙሉው ማሆጋኒ ለሆነና ለጀማሪ ሰሙ የወጣለት ጋርኔት። አኒሊን ዱቄት ፀሐይ ለማያየው ነገር፣ ወይም ሌላ ካልተገኘ።

አንገቱ ላይ ግን የትኛውንም ከመቀባታችሁ በፊት የሚጫወተውን ሰው እጅ ጠይቁ። ላብ የሚበዛበት እጅ ሼላክን በወራት ውስጥ ያለሰልሳል፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ይጣበቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንገቱ ላይ ቀለሙን ሰም በሌለው ሼላክ ጨርሳችሁ ከላይ በዘይት ቫርኒሽ ዝጉት፤ ሰም ስለሌለው ይይዛል። ጊታሩን ከተጨረሰ በኋላ አራት ሳምንት ሳይሞላው ሳጥን ውስጥ አታስገቡት፣ የሳጥኑ የከፋይ ጨርቅ ማህተሙን ያትምበታል። ለባለቤቱ ስታስረክቡም አንድ ነገር ንገሩት፦ እጁን በሳኒታይዘር አሽቶ ሳይደርቅ ጊታሩን እንዳያነሳ።